መብራቱ ሳይሠራ አንሄድም

ጥቅምት 2

ልብስ አጠብኩ። ንፋስ ስለነበረ ቶሎ ደረቀ። ባሌ አጅሬ ጣሪያው ላይ ወጥቶ የውሃ ታንኩን ሲያጥብ ዋለ። ከምሳ በኋላ ጋደም ከማለቴ የራስጌዋ መብራት ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረች።

"ይቺ መብራት እየጠቀሰችህ ነው" አልኩት።

"ምን ታድርግ፣ ቆንጆ አይታ!"

ካቻቢቴውን አንስቶ ከፈታት፣ ሽቦዋን አጠበቀ፣ ዘጋት። ፉጨቱን ሳይጨርስ በራች። መንገድ ሲያንገጫግጨን ትላላለች አለ። ባለሙያ ነው ባሌ፣ መቼም አልክድም። ይሄ ቤታችን እኮ ድሮ ከከተማ ከተማ ሰው የሚያመላልስ፣ እሱ ራሱ ዕድሜውን ሙሉ የነዳው አውቶቡስ ነበር። ጡረታ ሲወጣ አውቶቡሱም አብሮት ጡረታ ወጣ። ወንበሮቹን ነቅሎ አልጋ፣ ማድቤት፣ ሽንት ቤት አስገባበት። ሽቦውን ከጫፍ ጫፍ የዘረጋው በገዛ እጁ ነው።

ማታ ልጅቷ ደወለች። በኅዳር መጨረሻ ትወልዳለች፤ ባሏ ሥራው ሩቅ ነው፣ ወር ሙሉ አይመጣም። "እማዬ፣ መቼ ነው የምትመጡት? ብቻዬን ፈራሁ" አለችኝ። በሚመጣው ሳምንት እንነሳለን አልኳት። ደስ አለኝ። ዛሬ እንቅልፍም አይወስደኝ።

ጥቅምት 4

አጅሬ የጎረቤታችንን የጎሚስታውን ፒክአፕ ተውሶ የምድጃ ጋዝ ሊያስሞላ በጠዋት ወጣ። ለምሳ አልደረሰም። "ሰልፍ ነበር" አለ። ደክሞት ነው መሰለኝ ሳይበላ ተኛ።

ጥቅምት 6

ዕቃ መሸካከፍ ጀምሬያለሁ። የሕፃኑ ልብስ በአንድ ሻንጣ፣ የእኛ በሌላ። ሳህን ላጥብ ስል የማጠቢያው መብራት የለም። አጅሬን ጠራሁት። ፊውዝ ነው አለ፣ ቀየረ፣ በራ። ጎሽ። አመሻሽ ላይ ሽንት ቤት ገባሁ... ድቅድቅ ጨለማ።

"አሁንስ አበዛችው። በመንገድ እየተንገጫገጭኩ በጨለማ ሽንት ቤት አልገባም። መብራቱ ሳይሠራ አንሄድም!" አልኩት።

"እንዳልሽ እሜቴ" አለ።

እንዳልሽ? ይሄ ሰውዬ? ከሠላሳ ዓመት በላይ አብሬው ኖሬ ያልኩትን ሳይከራከር ሲቀበል አላየሁም። ታመመ እንዴ?

ጥቅምት 9

አልሄድንም። ማጠቢያው እንደገና ጠፋ፤ ሽንት ቤቱም ገና አልተሠራም። አጅሬ የአልጋውን ሥር ከፍቶ ሽቦዎቹን ሁሉ ዘረገፋቸው። ሁሉም ቀይ ነው። አንድም ሌላ ቀለም የለም። ያኔ ሲሠራው ጋራዥ ውስጥ የተረፈ አንድ ትልቅ ጥቅል ቀይ ሽቦ ሰጥተውት ነው። "በቀለም መለየት ሥራውን ለማያውቅ ሰው ነው" ብሎኝ ነበር። ትዝ ይለኛል፣ ደረቱን ነፍቶ።

ጎሚስታው ጎማ ማስተካከሉን ትቶ ሊያይ መጣ። የምንቆመው ከእሱ ሱቅ ጀርባ ስለሆነ ከቤታችን ወሬ የሚያመልጠው የለም።

"ጋሼ፣ ኧረ ይሄ ሁሉ ቀይ! የትኛው የቱ እንደሆነ በምን ይለዩታል?"

"በየስሙ እጠራዋለሁ" አለው አጅሬ።

ጎሚስታው ሆዱን ይዞ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ሰውየው ከሄደ በኋላ ግን አጅሬ ሁለት ሽቦ በሁለት እጁ ይዞ አንዱን ከአንዱ እያስተያየ ተቀመጠ። ብዙ ቆየ። ምን ሆነሃል ስለው እያሰብኩ ነው አለኝ። ምን የሚያሳስብ ነገር አለው? ራሱ የዘረጋውን?

ረስቶት ይሆን እንዴ... አይ። ምን አስቤ ነው።

ጥቅምት 10

አሁን ደግሞ የበሩ መብራት።

ጥቅምት 13

ልጅቷ ደውላ አለቀሰች። እግሯ አብጧል። "እማዬ፣ ስለ አምፖል ነው የምትነግሪኝ? ኤሌክትሪሻን አስመጡና ይጨርስላችሁ!" እውነቷን ነው። ስልኩን ዘግቼ ነገርኩት። በደህና ቃል ነው የነገርኩት፣ እግዜር ያውቃል።

"በእኔ ቤት ሌላ ሰው ካቻቢቴ አያነሳም!" ብሎ ጮኸብኝ።

ጮኸብኝ። አጅሬ ይነጫነጫል፣ ያኮርፋል፣ ይቀልዳል እንጂ አይጮህም። እሱም የደነገጠ መሰለኝ። ወጥቶ ጎሚስታው ደጃፍ ያረጀ ጎማ ላይ ተቀመጠ፣ ጀርባውን ሰጥቶኝ። እኔ ሽንኩርት መላጥ ጀመርኩ። ሽንኩርት አያስፈልገኝም ነበር። ማልቀሻ ፈልጌ ነው።

ጥቅምት 17

እሱ ሳያየኝ ነው የምጽፈው።

አጅሬ ጠዋት ጀሪካኑን ይዞ ውሃ ሊቀዳ ሄደ። እዚያ ሲሄድ ከሰዎች ጋር ወሬ ይይዛል፣ ቶሎ አይመጣም። እኔ ደግሞ ስንት ዓመት ሙሉ ካቻቢቴ አቀባይ ነበርኩ፤ አይቼ የማውቀውን ልሞክር አልኩ። የማጠቢያውን አምፖል ነቅዬ በሚሠራው በራስጌው ቦታ አስገባሁት። በራ። ስለዚህ አምፖሉ ደህና ነው። ፊውዙን አየሁት፣ ደህና ነው። የቀረው ሽቦ ወይ ማብሪያ ማጥፊያው። የባትሪውን ዋና ማጥፊያ አጥፍቼ ማብሪያውን ከግድግዳው ፈታሁት።

ሽቦው ወጥቷል። መንገድ አላልቶት ቢሆን ብሎኗም ትላላ ነበር። ብሎኗ ግን ባዶዋን ጠብቃ ታስራለች። የሽቦው ጫፍ ደግሞ በጥቁር የኤሌክትሪክ ናስትሮ ተጠቅልሏል። በደንብ፣ በንጽህና። የናስትሮው መጨረሻ ታጥፎ ትንሽ ጆሮ ተሠርቶለታል።

ያንን ጆሮ የሚሠራ አንድ ሰው ነው የማውቀው። "በኋላ የሚመጣው ሠራተኛ በጥፍሩ ሲፍቅ እንዳይውል" ይላል ሁልጊዜ። ራቁቱን የቀረ ሽቦ ካየ እንቅልፍ አይወስደውም።

የሽንት ቤቱን ፈታሁ። ያው። የበሩን። ያው። ሦስቱም ጆሮ አላቸው።

መጀመሪያ ተናደድኩ። ምድጃው ላይ ያለውን ድስት ወርውሬ ልሰብረው ነበር። እኔ እዚህ ሻንጣ ስዘጋና ስከፍት፣ ልጄ እዚያ ስታለቅስ፣ እሱ መብራት ይፈታል? ምን አድርጋው ነው? አማቹን አይወደውም? ወይስ እኔ ሰለቸሁት? ከዚያ ያ ሁሉ ሄደና ፍርሃት መጣ። በገዛ እጁ የሠራውን ቤት የሚያፈርስ ሰው ምን ያህል ቢጨንቀው ነው...

ሁሉንም እንደነበረ መልሼ ገጠምኩት። ሲመጣ ወጥ እያማሰልኩ ነበር።

ጥቅምት 18

ቀኑን ሙሉ አየሁት። ፒንሳ ይዞ ከአንዱ ጥግ ወደ አንዱ ጥግ ይሄዳል፣ ይተነፍሳል፣ "ዛሬስ አገኛታለሁ" ይላል። አያሳዝንም? ምሳ አቀረብኩ፣ በላ። እጅሽን ይባርክ አለኝ። ቀና ብሎ አላየኝም።

ጥቅምት 19

ነገርኩት። ማለት፣ በአፌ አልነገርኩትም።

ከሰዓት ጎሚስታውን ሊያግዝ ወጣ። ሦስቱንም ፈታሁ፣ ናስትሮውን በጆሮው ይዤ ላጥኩት (እውነትም ይመቻል)፣ ሽቦዎቹን በየቦታቸው አሰርኩ። ሊጨላልም ሲል ሁሉንም አበራሁና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። በሩን ከፍቶ አንድ እግሩን አስገባ፣ ቆመ። ማጠቢያውን አየ። ሽንት ቤቱን አየ። አናቱ ላይ ያለውን የበሩን አየ።

"ማን ሠራው?"

"እኔ።"

"ምኑ ነበር?"

"ጆሮ ነበረው" አልኩት።

ደረጃው ላይ ተቀመጠ፣ ጀርባውን ወደ እኔ አድርጎ። የጫማውን ክር ፈታ፣ መልሶ አሰረ። 

"ያን ዕለት ሰልፍ አልነበረም" አለ በመጨረሻ።

"መቼ?"

"ጋዙን ላስሞላ የሄድኩ ዕለት። አደባባዩ ጋ ደረስኩ። ዞርኩ። መውጫው ጠፋኝ። አሁን ይመጣልኛል እያልኩ ደግሜ ዞርኩ... ዞርኩ... ከኋላ ጡሩምባ ይነፉብኛል። ሃያ ዓመት አውቶቡስ ያዞርኩበት አደባባይ! አንድ ባለ ሱቅ አየኝና መጣ። 'አባባ፣ የት ነው የሚሄዱት?' አለኝ።"

"ምን አልከው?"

"የት እንደምሄድ ጠፋኝ።"

ሄጄ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ጠባብ ናት ደረጃዋ፤ ሁለት ሰው አትይዝም፣ ያዘችን።

"አንቺን አሳፍሬ በዚያ ተራራ መንገድ ብሄድና... ገደሉ ጋ ቢመጣብኝስ? ተይ ልልሽ አቃተኝ። አንቺ ደግሞ መብራቱ ሳይሠራ አንሄድም አልሽ።"

"ታዲያ ለምን ሞተሩን አልፈታህም? ባንዴ ይገላግልህ ነበር።"

"ሞተር ላይማ እጄን በክፋት አላነሳም" አለ፣ ከልቡ ተቆጥቶ።

ሳቅኩ። ሳቄ ወደ ልቅሶ ሄደብኝ። እሱም አለቀሰ። ስንጋባ ጊዜ እንኳ ሲያለቅስ አላየሁትም፣ ማልቀስ የነበረብኝ ያኔ ነው እያለ ይቀልድ ነበር እንጂ።

ጥቅምት 21

ፈራሁ። ሌላ የምጽፈው የለኝም።

ጥቅምት 25

ሐኪም ዘንድ ሄድን። ብዙ ጠየቀው፤ ሰዓት ሣል አለው፣ ወደ ኋላ ቁጠር አለው። አጅሬ አንዳንዱን መለሰ፣ አንዳንዱ ላይ እንደ ተማሪ አቀረቀረ። የመርሳት ሕመም ነው፣ ገና ጅማሬው ነው አለ ሐኪሙ። መድኃኒት አለ፣ ያዘገየዋል እንጂ አያድነውም። "መሪ ግን ይበቃዎታል" አለው። አጅሬ ኪሱ ገብቶ የመኪናውን ቁልፍ አወጣና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠለት።

"ኧረ ለእኔ አይደለም አባቴ!" አለ ሐኪሙ ደንግጦ።

አነሳሁት። አሁን እዚህ ትራስጌዬ ነው ያለው። ከበደኝ። ማታ ለልጅቷ ስደውል ምንም አልነገርኳት፤ በስልክ አትንገሪያት ብሎ ለምኖኛል። መብራቱ ተሠራ፣ እንመጣለን አልኳት። እልል አለች።

ኅዳር 1

በወጣትነቴ የዳቦ ቤት መኪና እነዳ ነበር። መንጃ ፈቃዴንም እያሳደስኩ ነው የኖርኩት፣ ለምን እንደሆነ እንጃ። ሾፌር ካገባሁ ወዲህ ግን መሪ ነክቼ አላውቅም፤ ምን በወጣኝ! ዛሬ ጎሚስታው ጎማዎቹን ገለል አድርጎ ሜዳውን ለቀቀልኝ። ይሄ ግን ዳቦ መኪና አይደለም... ቤት ነው። ስጠመዝዝ ማንኪያዎቹ ተንጫጩ፣ ቁም ሳጥኑ ተከፈተ፣ የጎሚስታውን በርሜል ገጨሁት።

"እትዬ፣ በርሜሉ ቆሞ ነበር እኮ!" ይላል እየሳቀ።

አጅሬ አጠገቤ ነው። "መስታወት እይ። ሌላኛውን። ፍሬን እንዲህ አይረገጥም፣ ዕንቁላል የጫንሽ ይምሰልሽ።" ይሄን አንዱንም አልረሳም። እጅ አይረሳም ነው የሚባለው? አላውቅም። ተሰዳደብን፣ ደህና ስድብ።

ኅዳር 5

"ሳልረሳው ላሳይሽ" አለኝ። አልጋውን ከፍተን ቀዮቹን ሽቦዎች አንድ በአንድ ተከተልናቸው። እሱ ይነግረኛል፣ እኔ በጥፍር ቀለሜ ምልክት እቀባለሁ። ብርማው የማጠቢያው፣ ወይን ጠጁ የበሩ።

"ሽንት ቤቱን ሮዝ?" አለ። "እኔ ሰውዬው በሮዝ ሽንት ቤት ልጠቀም?"

የውሃ ፓምፗ ሽቦ ላይ ስንደርስ ቆመ። ጠፋችው። ጠበቅኩት፣ አልመጣችም። ፓምፗን አስነስተን ሽቦዎቹን አንድ በአንድ እየነቀልን ስታቆም አገኘናት። ድሮ ቢሆን ይናደድ ነበር። ዛሬ "ቀቢያት" ብቻ አለኝ። ቀባኋት፤ እስኪደርቅም እፍ እያልኩ ትንሽ ቆየሁ፣ ፊቴን እንዳያየው።

ኅዳር 10

ደረስን። በሁለት ቀን መሄድ ያለብንን በአራት ቀን ሄድን፣ ከኋላዬ የነፋብኝን ሰው ብዛት እግዜር ያውቃል። ተራራው ላይ ላብ አጠመቀኝ። አጅሬ አልተናገረም፤ እንዳልደነግጥ መሰለኝ። አንድ መገንጠያ ላይ "ቀኝ" አለኝ። ሰሌዳው ግራ ይላል። ግራ ያዝኩ። ሰሌዳውን እሱም አየው። ከዚያ ወዲያ መንገድ አልነገረኝም፣ ብርቱካን እየላጠ ያጎርሰኝ ጀመር።

ልጅቷ የምትኖርበት ሰፈር ስንገባ ክላክስ አደረግኩ። ገና ሞተር ሳላጠፋ ሆዷን በሁለት እጇ ደግፋ ወጣች። አብጣለች፣ አምራለችም። አባቷ ከሥራ ሲመለስ በሕፃንነቷ ትሮጥ እንደነበረው በቀጥታ ወደ ሾፌሩ በር መጣች። "አባዬ!" ብላ ከፈተችው።

እኔ ነኝ ያለሁት። እጄ መሪው ላይ።

አየችኝ። አሻግራ እሱን አየችው። ጉልበቱ ላይ የብርቱካን ልጣጭ አለ። ፈገግታዋ ግማሽ ላይ ቀረ።

"ምነው... አባዬ ደከመው እንዴ?"

እንዴት ብዬ እንደምነግራት መንገዱን ሙሉ ሳወጣ ሳወርድ ነበር።  አጅሬ ቀደመኝ።

"አልደከመኝም የኔ እናት። መንገድ እየጠፋብኝ ነው። ከእንግዲህ የምትነዳው እናትሽ ናት።" ከዚያ በእሱ በኩል ያለውን በር ከፈተ። "በዚህ በኩል ዙሪና ነይ።"

ትንሽ ቆመች። ከዚያ በሞተሩ ፊት፣ አንድ እጇን መኪናው ላይ እያስደገፈች፣ ቀስ ብላ ዞረች።