የዕቃ ቤቱ ጉጉቶች

ሰኞ፣ ጥቅምት 4

ለሰው የማይነገር ነው... ዛሬ ጠረጴዛ ላይ ወጣሁ። በዚህ ዕድሜዬ፣ ከነጫማዬ። ጎረቤቴ ወሬ ይዛልኝ መጥታ፣ ገና ጣፋጩ ቦታ ላይ ሳንደርስ፣ አይጥ በእግራችን መሀል ሽው አለች። እኔ ላይ፣ እሷ ታች ሆና እየሳቀች። እስከ ነገ መንደሩ ሁሉ ይሰማዋል። እኔስ ብሆን ዝም እል ነበር?

ማታ ባሌን፣ "ለእነዚህ አይጦች መላ ፈልግ፤ ምን እንዳደረግክ ግን እንዳትነግረኝ" አልኩት። "እሺ" አለ። የሱ ነገር እሺ ነው።

አማቴ ከጥግ ሆነው፣ "ጣራ ሥር ሟርተኛ አስቀምጣችሁ አይጥ ትፈራላችሁ" አሉ። የዕቃ ቤቱን ጉጉቶች ማለታቸው ነው። አይወዷቸውም። እኔ ግን ጽሑፍ እምቢ ሲለኝ በመስኮት የማየው እነሱን ነው። አሁን ደግሞ ሁለት ጫጩት ፈልፍለዋል።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 14

አባትየውን ጉጉት ሞቶ አገኘሁት። ቧንቧው አጠገብ፣ ክንፉን ዘርግቶ። ቁስል የለው፣ ስብራት የለው። አፉ ላይ ትንሽ ደም ብቻ።

አማቴ ከበሩ ሆነው አዩትና፣ "ቅበሩት" አሉ። በቃ። ስለ ጉጉት ከጀመሩ የማያባሩ ሴት፣ ዛሬ አንዲት ቃል?

አልቀበርኩትም። በጫማ ካርቶን አድርጌ ለእንስሳት ሐኪሙ ወሰድኩት።

እሑድ፣ ጥቅምት 17

ቤቱ ገና ሳይነሣ በመስኮት አየሁ። አማቴ... የጎማ ጓንት፣ የከሰል መቆንጠጫ፣ ጥቁር ፌስታል። ዕቃ ቤቱ ጥግ ጎንበስ፣ አጥሩ ሥር ጎንበስ።

"እማማ፣ ምን ጠፍቶብዎት ነው?"

"ምንም። አየር ልቀበል ብዬ።"

በጓንት ነው አየር የሚቀበሉት?

ባለፈው የመጽሔታችን እትም፣ በምክር ዓምዴ ላይ፣ "አማትሽን ከመጠርጠርሽ በፊት ጠይቂያት" ብዬ አንዷን አንባቢ የመከርኩት እኔው ነኝ። ይኸው ጠየቅኩ... ጥርጣሬዬ ባሰ እንጂ አልቀነሰም።

ሰኞ፣ ጥቅምት 18

አፌ አላርፍ አለ። ምሳ ላይ፣ "እማማ፣ ጉጉቱን ምን አበሉት?" አልኳቸው።

ማንኪያቸውን አስቀመጡ። ልጃቸውን አዩ። ልጃቸው ሳህኑን አየ።

"እኔ ያበላሁት የለም፣ ልጄ።" ተነሥተው ክፍላቸው ገቡ።

ግን ልጃቸውን ለምን አዩ?

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 19

ሐኪሙ ደወለ። የጉጉቱ ሆድ ዕቃ ደም በደም ነው አለኝ። የአይጥ መርዝ።

"ማን አበላው ታዲያ?"

"ማንም። መርዙን አይጧ በላች፣ አይጧን እሱ በላ። መርዙ ቶሎ አይገድላትም፤ ቀናት እየተንገዳገደች ትቆያለች። ለአዳኝ ደግሞ እሷን የመሰለ ቀላል ቀለብ የለም። ከዚያ የሱም ደም መርጋት ያቅተዋል።"

ባሌን ያዝኩት። አመነ፤ መርዝ የተነከረ ሰማያዊ እህል... ዕቃ ቤት ውስጥና አጥሩ ሥር በትኗል።

"እንዳትነግረኝ ብለሽኝ" አለ። እውነቱን ነው፣ ብያለሁ።

እሱ እንደነገረኝ፣ አማቴ ጉጉቱ የምትንገዳገድ አይጥ ሲያነሣ፣ ኋላም ሲወድቅ አይተዋል። ከዚያ ወዲህ ነው የሞቱትን አይጦች ጎህ ሲቀድ የሚለቅሙት። ዝም ያሉት ልጃቸውን ከእኔ ጋር ላለማጣላት ነው። እኔ መርዘኛ እያልኳቸው እንኳ።

ገብቼ እግራቸው ሥር ተቀመጥኩ። "እማማ፣ ይቅር ይበሉኝ። ግን ጉጉት ይጠሉ የለ?"

"አሁንም እጠላለሁ። ያቺ የቀረችው ግን እናት ናት። ሁለት አፍ ተከፍቶ ይጠብቃታል።" ቀና ብለው አዩኝ። "አንቺ ደግሞ እንዲህ ስትጠረጥሪ የምታድሪ ከሆነ፣ ለሰው ምክር የምትጽፊው መቼ ነው?"

እሑድ፣ ጥቅምት 24

እህሉን ጠርገን አወጣን። ጠዋት ጠዋት እኔም ጓንት አጥልቄ ከአማቴ ጋር እለቅማለሁ። ሐኪሙ ገና አትዘናጉ ብሏል።

ዛሬ ጀምበር ስትጠልቅ ደረጃው ላይ ተቀምጠን እናትየውን ስንጠብቅ፣ ጎረቤቴ በአጥር ብቅ አለች። "ባልሽ ይባረክ። የተረፈውን እህል ለእኛም ሰጠን፣ ለጥጉም ቤት። አይጥ የሚባል ጠፋ።"

እሺ ባዩ ባሌ... እምቢ የሚባል ቃል አያውቅም።

መልስ ሳልሰጣት ጉጉቷ መጣች። ከወዲያ፣ ከጎረቤት ጣራ በላይ። በእግሯ አይጥ ጨብጣለች። ስትይዛት አይጧ ትሮጥ ነበር ወይስ ትንገዳገድ? ጫጩቶቹ ጮኹ፣ ከዚያ ዝም አሉ። በሉ ማለት ነው።

አማቴ እጄን ጭምቅ አደረጉት።

ነገ ሁለታችን በየበሩ ልንዞር ነው፣ ያቺን ሰማያዊ እህል እንዲመልሱልን ለመለመን። ጠረጴዛ ላይ የወጣችው መጣች ይበሉኝ። የጫጩቶቹን ነገር ግን፣ ቢበሩም ባይበሩም፣ ሳልደብቅ እዚሁ አሰፍረዋለሁ።