ሰማያዊው በር፣ ከወፍጮ ቤቱ ቀጥሎ

ይድረስ ለባለቤቴ፣ አዲስ አበባ።

አሰላሙ ዐለይኩም ወረህመቱላህ። ጤናህ እንዴት ነው? ሥራው፣ ብርዱ፣ ያ የወገብህ ሕመምስ እንዴት አደረገህ? እናትህ አልሀምዱሊላህ ደህና ናቸው፤ ጎረቤቱም ሰላም ነው። ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው ከናፍቆት በቀር ደህና ነኝ ይላል። እኔ ናፍቆቱንም ሌላውንም ይዤ ደህና ነኝ።

በዚህ ዘመን ደብዳቤ ምን አመጣው ትል ይሆናል። ስደውልልህ ስብሰባ ላይ ነኝ ብለህ ትዘጋብኛለህ፤ ወረቀት ደግሞ አይዘጋም። ቀኑን ሙሉ የሰው ስልክ ሳነሳ ስለምውልም ማታ የገዛ ድምፄ ይሰለቸኛል። ባለሱቁ ባድሩ ዕቃ ሊያመጣ ነገ ወደ አዲስ አበባ ስለሚወጣ በእሱ ልኬዋለሁ። በእጅህ እንዲሰጥህ አደራ ብዬዋለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የታክሲ ጥሪ ማዕከላችን ከሚመጣው ወር ጀምሮ ሁሉም ሠራተኛ ቢሮ ይግባ ብሎ አዘዘ። የሠራተኛው የቴሌግራም ግሩፕ ጦር ሜዳ ሆኖ ሰነበተ። አንዱ በጠዋት ሰልፍ ልንሞት ነው ይላል፣ አንዷ ልጄን ለማን ልተው ትላለች፣ ሌላው ኪራይ ሸሽቼ ከከተማ ወጥቻለሁ፣ በምን ልመለስ ይላል። ካሊድ የሚባለው ልጅማ ከቢሮ ይልቅ ቤቱ ሆኖ ብዙ ጥሪ እንደሚያነሳ ማስረጃ ደርድሮ ጻፈ። ሁሉም እውነታቸውን ነው። እኔም በጣም ያሳዝናል ብዬ ጻፍኩ። ጽፌ እንደጨረስኩ ግን ማዳመጫዬን አውልቄ፣ በሩን ዘግቼ፣ ብቻዬን እስክስታ ወረድኩ።

ለምን መሰለህ። ከቤት መሥራት የተፈቀደ ጊዜ ከእኔ በላይ የተደሰትከው አንተ ነህ። ሥራሽ ስልክና ኮምፒውተር ከሆነ ሐይቅ ከተማ እናቴ ቤት ሆነሽ ሥሪው፣ እናቴ ልቧን ያማታል፣ ብቻዋን መተው አይሆንም አልከኝ። የእኔ መሥሪያ ቤት ግን ከቢሮ ንቅንቅ አያስብልም፣ ቢፈቅዱልኝማ ላፕቶፔን ይዤ ከተፍ እል ነበር አልክ። አመንኩህ። ለትንሽ ጊዜ ነው ያልከው ነገር ይኸው ሁለት ረመዳን አለፈው።

እዚህ ከቤት ነው የምሠራው ስል ሰው የሚሰማው የቤት ሥራ ነው። ቢሮ የሄደች ሴት ሥራ ላይ ናት፤ ቤቷ ያለች ሴት ቤቷ ናት፣ በቃ። ጎረቤታችን ፈዲላ ገበያ ስትወጣ ሕፃኗን ጣል ታደርግብኛለች። ቆጣሪ አንባቢው የሰፈሩን ቁልፍ ሁሉ የሚፈልገው እኔ ጋ ነው። ለቅሶ ሲኖርማ አለቀልኝ። ባለፈው ቀብር መምህርቷ ሳጂዳ ክፍል ውስጥ ነበረች ተብላ ታለፈች፤ እኔ ግን በሥራ ሰዓቴ ጥሪ እያነሳሁ፣ ቤቷ ቁጭ ብላ ቀረች ተባልኩ። እስካሁን ሰላምታዬን በግማሽ አፋቸው የሚመልሱ አሉ።

ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ አድርጌ ከቦሌ መገናኛ፣ ከመርካቶ አየር ጤና መኪና ስመድብ እውላለሁ። የአዲስ አበባን ሰው ሁሉ ከቦታ ቦታ አደርሳለሁ፤ የእኔ መንገድ ከምሠራባት የጓሮ ክፍል እስከ ሽንት ቤቱ ነው። ሐይቁን ሰው ከሩቅ መጥቶ ፎቶ ይነሳበታል። እኔ ከጀርባችን ያለውን ውሃ የማየው በመስኮቱ ፍርግርግ ነው። ወጣ ልበል ስል እናትህ ከበሩ ላይ በርጩማቸውን ይዘው ይነሳሉ። የት ነው፣ አብሬሽ ልሂድ ይሉኛል። እኔም ልባቸውን እያሰብኩ ይቅር፣ አይድከሙ ብዬ እመለሳለሁ። አንዳንድ ቀን ደንበኛውን ወዴት ነው የሚሄዱት ብዬ እጠይቅና መልሱን ሳልሰማ እንባዬ ይቀድመኛል።

እናም ትእዛዙ እንደወጣ ለአለቃችን ለጸዳለ ደወልኩ። መምጣቴ ነው፣ ወንበሬን ጠብቂልኝ አልኳት። ግራ ገባት። ባለቤትሽ ባለፈው ሳምንት ቢሮ ድረስ መጥቶ ለምኖልሽ የለም ወይ፣ በሽተኛ ስለምታስታምሚ እዚያው ሆነሽ እንድትሠሪ ተፈቅዶልሻል፣ እንዴት ያለ አሳቢ ባል ነው ያለሽ አለችኝ። አመሰግናለሁ ብዬ ዘጋሁ። ስለ እኔ ለሰው ስትለምን ለእኔ አንዲት ቃል አልተነፈስክም። የዚያን ቀን ወላሂ የዚህች ክፍል ግድግዳ ወደ እኔ የሚጠጋ መሰለኝ።

ከዚያ ባለፈው እሑድ የውጫሌዋ አክስትህ ልጇን ልትድር ነው ብላ መልእክት ላከች። እናትህ አልሄድም አሉ። የእህትዎ ቤት ሰርግ እንዴት ይቀራል ብላቸው፣ አንቺን ጥዬ የት እሄዳለሁ አሉኝ። እኔ ምን ሆንኩ አልኳቸው። መሬት መሬቱን እያዩ ልጄ እንዳልነግርሽ አስምሎኛል አሉ። ሳታስቢው ራስሽን ስተሽ ትወድቂያለሽ፣ ለዚህ ነው ከአዲስ አበባ ያመጣሽ፣ እኔን ደግሞ ለአፍታ ከዐይንሽ እንዳትለዪያት ብሎኛል አሉኝ።

እኔ ራሴን ስቼ አላውቅም፤ ይህን አንተም ታውቃለህ። የእሳቸውን በሽታ ደግሞ እኔ ነገርኳቸው። ልቤን ነው አሉ፣ ደረታቸውን በመዳፋቸው መታ መታ አድርገው። ልቤ ምን ሆነ አሉ። ከዚያ ሣቁ። ሣቁና ሣቁና የሻርፓቸውን ጫፍ ዐይናቸው ላይ አደረጉ። የውጫሌን ገበያ ከረገጡ ስንት ዘመናቸው እንደሆነ፣ የእህታቸውን በር እንዴት እንደናፈቁ ያን ጊዜ ነገሩኝ። ለካ እኔ እሳቸውን ስጠብቅ፣ እሳቸውም እኔን ሲጠብቁ ኖረናል። ሁለታችንንም ዘበኛ አድርጎ ቀጠረን፣ ያውም ያለ ደመወዝ አሉ።

ለምን እንዲህ እንዳደረግክ አልገባንም። እናትህ ወጪ እንዲቀልለው ነው ብለው አሰቡልህ፤ እናት አይደሉ። እኔም እንደሱ ይሆናል አልኩ። እስከ ዛሬ ጠዋት ድረስ እንደሱ ይሆናል ስል ነበር።

ዛሬ ዓርብ፣ ጠዋት፣ አንድ ጥሪ ገባ። ያን ሁሉ ሠራተኛ አልፎ እኔ ጋ ገባ። ድምፅዋ ለስለስ ያለ፣ ትሑት ሴት ናት። ከየት ነው የሚነሱት አልኳት። ኮተቤ፣ ከወፍጮ ቤቱ ቀጥሎ ያለው ሰማያዊ በር አለችኝ።  ያንን በር በተጋባን ሰሞን የቀባነው እኔና አንተ ነን፤ ቀለሙ ከቀሚሴ እስካሁን አልለቀቀም። ግቢው ውስጥ ከአሮጊቷ አከራያችንና ከአንተ በቀር ሰው እንደሌለ፣ ብቸኝነት ሊገድልህ እንደሆነ የምትነግረኝ አንተው ነህ። ወዴት ነው የሚሄዱት አልኳት። ቢሮ ነው፣ ረፍዶብኛል አለች። ከዚያ አንድ ነገር ለመነችኝ። እባክሽ እህቴ፣ ሹፌሩ በር ላይ ሲደርስ ክላክስ እንዳያደርግ ንገሪልኝ፣ ባለቤቴ ከቤት ነው የሚሠራው፣ አምሽቶ ነው የተኛው አለችኝ።

ስሟንም ነግራኛለች። እዚህ አልጽፈውም፤ የደንበኛን ስም አሳልፎ መስጠት ክልክል ነው። ሥራዬን ሠራሁ። ቅርብ ያለውን ጥሩ ሹፌር ላክሁላት፣ ክላክስ እንዳያደርግም ነገርኩት፣ መልካም መንገድ ብዬ ዘጋሁ። ከዚያ ማዳመጫውን አውልቄ ጓሮ ወጣሁና አለቀስኩ። እናትህ ተከትለውኝ ወጡ። በዚህ ጊዜ የት ነው አላሉኝም። የሰማሁትን ነገርኳቸው። ሻንጣሽን አውጪ፣ የእኔንም ልብስ ጨምሪበት አሉኝ።

ለጸዳለ ፈቃዱ ይቅርብኝ፣ ቢሮ እገባለሁ ብያታለሁ። ሐሙስ ውጫሌ ሰርጉ ላይ እንውላለን። ቅዳሜ ማለዳ ከሐይቅ እንነሳለን፤ ሁለታችንም። ማታውን አዲስ አበባ ነን ኢንሻአላህ። የእናትህ ልብ ደህና ስለሆነ መንገዱ አይከብዳቸውም።

ይህን አስቀድሜ የጻፍኩት ለአንተ አዝኜ አይደለም። እኔ ነገሬን ከማላውቀው ሰው በስልክ ሰማሁት፤ ያቺ ሴት ግን ከአንተ አፍ ትስማው ብዬ ነው። አንድ ሳምንት አለህ።

እናትህ ሰላም ብለውሃል። ዱዓ አድርጊለት እንጂ አትርገሚው ስላሉኝ፣ አላህ ጤና ይስጥህ፣ እውነት የምትናገርበት አንደበትም ይስጥህ። ላምበረት መናኸሪያ መጥተህ እንድትቀበለን አናስቸግርህም፤ ታክሲ እንጠራለን። አድራሻውን ማስረዳት አያቅተኝም። ሹፌሩን ግን በር ላይ ሲደርስ ክላክስ አድርግ እለዋለሁ።

ባለቤትህ