የአባባ ሞተር ለምን እንደሚተኩስ

ለምወድህና ለምናፍቅህ ወንድሜ፣ ለወንድም ጋሼ፤

እንደምን ከረምክ? ጤናህስ? ያ ሌሊት ሌሊት የሚያስልህ ነገር ተወህ ወይ? ያ ቁጡ አለቃህስ ትንሽ ረገብ አለልህ? እኛ በአካል ደህና ነን። እማዬ ብርድ ሲሆን ጉልበቷ ይወጋታል እንጂ ትንቀሳቀሳለች። ትንሿ እኅታችን ቁመቷ እኔን ሊያልፍ ነው። ደብዳቤዬን እዚህ ላይ ዘግቼ ፖስታ ውስጥ ብከተው ደስ ባለኝ። ግን ይህን ወሬ ከሰው አፍ ከምትሰማው ከእኔ ብትሰማው ይሻላል። ቁጭ ብለህ አንብበው።

ነገሩ የጀመረው በሞተሩ ነው። የአባባ ጀልባ ሞተር በቅርቡ መተኮስ አመጣ። ሲነሳ አንዴ፣ ነዳጅ ሲጨመርበት ደግሞ ሌላ፣ ጧ! ይላል፤ ቤንዚንና አየር በሚቀላቅልበት በካርቡራተሩ በኩልም እሳት ብልጭ ይላል። ተሳፋሪዎቹ መጀመሪያ ይስቁ ነበር። «ወታደሮቹ መጡ» እያሉ ይቀልዱብናል። እኔ ግን ቤንዚን አጠገብ እሳት ሲተፋ ሳይ መሳቁን ተውኩ።

ታውቀኛለህ፣ ራሴው ፈታታሁት። ውሃ ገብቶበት ይሆናል ብዬ ቤንዚኑን በብርጭቆ ቀድቼ እስኪረጋ አቆየሁት፤ ንጹሕ ነው። እሳት የሚያስነሳው ካንዴላ ጠቁሮ ነበርና በአዲስ ቀየርኩት። ካርቡራተሩን አውርጄ ቀዳዳዎቹን በቀጭን ሽቦ ጠራረግኩ። አንድ ቀን ጸጥ አለልኝና በማግስቱ ባሰበት።

ጎረቤታችን ዓሣ አስጋሪው እንደጠፋ በስልክ ነግሬህ ነበር። ጭጋግ በጣለበት ጠዋት በዚያች ሰማያዊ ጀልባው ወጥቶ አልተመለሰም። ጀልባዋ ጎኗ ተሰንጥቆ ሸምበቆ ውስጥ ተገኘች። ነፋስ ገልብጧት ነው ተባለ። እሱ ግን የውሃ ሽታ ሆነ። ከዚያ ወዲህ አባባ በየጠዋቱ የዓሣ አስጋሪውን ሚስት እያሳፈረ አብረው ሸምበቆ ለሸምበቆ ይፈልጉ ነበር። ሰፈሩ ሁሉ አባባን መረቀው። ሞተሩ በተኮሰ ቁጥር እሷ በድንጋጤ ደረቷን ትይዛለች፤ አባባ ፊቱን ወደ ውሃው ያዞራል። እኔ ያዘነላት ይመስለኝ ነበር።

ሲያቅተኝ መካኒኩን፣ ቡሎን የምንለውን፣ ጠራሁት። ከሞተሩ አናት ላይ የሚሽከረከረውን ከባድ ብረት፣ ቮላኖውን፣ አነሳና ከዘንጉ ጋር የምታያይዘውን ትንሽ ብረት አወጣ። ግማሿ ተቆርጧል። ለዚህ ነው ቮላኖው ከቦታው ሸርተት ብሎ እሳቱ ያለጊዜው የሚመጣው፤ ለዚህ ነው የሚተኩሰው።

«ይቺ በገዛ እጇ አትቆረጥም። ከታች ውሃውን የሚቀዝፈውን ፕሮፔለር ድንገት ጠንካራ ነገር ሲይዘው ነው። ምን መታችሁ?» አለ።

«ምንም» አለ አባባ፤ ተነስቶም ወደ ቤት ሄደ።

ቡሎን ሞተሩን አዘንብሎ ፕሮፔለሩን ፈታው። አንደኛው ክንፍ ተጣሟል። ከጀርባው የእንጨት ስንጣሪ ተወትፏል፤ ስንጣሪው ሰማያዊ ቀለም አለው። ቡሎን በአውራ ጣቱ አሸት አሸት አደረገውና ቀና ብሎ አየኝ። «እኔ የምጠግነው ሞተር ነው» አለና መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ። ወንድም ጋሼ፣ እጄ ላይ እንደ ፍም ነው ያቃጠለኝ።

አባባን ከጓሮ አገኘሁት። ስንጣሪውን ሳሳየው አላየውም፤ እኔን ነው ያየው።

«ግንድ መስሎኝ ነበር» አለ።

«ግንድ ከመሰለህ ለምን አልነገርከንም? ደግሞስ ለምን በሸምበቆው በኩል ብቻ ትፈልጋላችሁ?»

«የመታሁት በወዲያኛው አለት በኩል ስለሆነ ነው» አለኝ። ጭጋጉ ውስጥ የሆነ ነገር ላይ ወጣ፤ ሞተሩም ጠፋበት። ጸጥ ሲል ድምፅ ሰማ። አንድ ጊዜ ብቻ። «ወፍ ነው አልኩ ለራሴ። አስነስቼ ሄድኩ። ያን ዕለት ነው መጀመሪያ የተኮሰው» አለና ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

በማግስቱ ጠዋት የዓሣ አስጋሪው ሚስት እንደ ልማዷ መጣች። አባባ ወደ አለቱ ሲያቀና ከባሕሩ ዳር ቆሜ አየሁት። ሞተሩን አጠፋው። የሚሉት አይሰማኝም። ድንገት እሷ ብድግ አለች፤ ጀልባው ወዲያና ወዲህ ተንገዋለለ፤ አንዳቸው የሚወድቅ መስሎኝ ውሃው ውስጥ እስከ ጉልበቴ ገባሁ። ኋላ ሞተሩ ተነሳ፤ አዲስ ብረት ስለገባለት አልተኮሰም። ሲመለሱ መሪውን የያዘችው እሷ ናት። አባባ ባርኔጣውን አውልቆ ከፊት ተቀምጧል።

ወርዳ አጠገቤ ቆመች። አላለቀሰችም። «እናትሽ ብቻዋን አትሁን፣ ወንድምሽን ጥሪው» አለችኝና ወደ ፖሊስ ጣቢያው መንገድ ጀመረች። አባባ ማንም ሳይዘው ከኋላዋ ሄደ።

አሁን እዚያው ጣቢያ ነው ያለው። ፖሊስ ያመጣቸው ዋናተኞች በአለቱ ሥር አንድ የጎማ ቦት ጫማ አግኝተዋል፤ ሌላ ነገር የለም። የጠፋው ሰውዬ ወንድሞች ከበራችን ፊት ለፊት ቆመው ይውላሉ። አይሳደቡም፣ አይጠጉም፤ ዝም ብለው ያዩናል። አንደኛው ትናንት ትንሿን ከትምህርት ቤት እስከ በር ድረስ ተከተላት። እማዬ መስኮቱን ዘግታ ትቀመጣለች። ቡሎን ጠዋት ማታ ብቅ እያለ ያየናል። ና፣ ወንድም ጋሼ። ፈቃድ ቢከለክሉህም ና።

እማዬ ዓይንህን ያሳየኝ ብላ ትስምሃለች። ትንሿ እኅትህ ከትምህርት ቤት እንዳስቀረናት እንዳልነግርህ ለምናኝ ነበር፤ ይኸው ነገርኩህ፤ እሷም ናፍቀሃታል። ቡሎንም ሰላም ብሎሃል። ለአባባ ምሳ ሳደርስለት ለወንድሜ ምን ልበልልህ ብዬ ጠየቅኩት። «ሰላምታዬን አትላኪለት። የሰማሁት ወፍ እንዳልነበር ያኔውም ዐውቅ ነበር፤ እሱን ጻፊለት» አለኝ።

እኅትህ

ከቤታችን፣ ኅዳር 12 ቀን