ሆዳቸው የነጣ የሽንፋ እጮች

ሸሕዲ፣ ኅዳር 1975 ዓ.ም.

ውድ ደምለው፣

ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ። ነጋዴዋ መጂዳ ነገ ጠዋት ሸቀጥ ልታመጣ አንተ ወዳለህበት ወደ ሱዳኗ ገላባት ስለምትሻገር፣ ዛሬ ካልጨረስኩት አይደርስህም።

ነገሩ የጀመረው ከሽንፋ ወንዝ ድንጋዮች ላይ እየለቀምክ ወደ ጤና ጣቢያው ላቦራቶሪያችን በምታመጣቸው የጥቁር ዝንብ እጮች ነው። አንድ ቀን ሆዳቸው አብጦ እንደ ወተት የነጣውን ለይተህ ከማይክሮስኮፑ ሥር አደረግክልኝ። «እዪ መንበረ፣ በዓይን የማይታይ ፈንገስ ነው። ከውስጥ ይበላቸዋል፤ ክንፍ ሳያወጡ ይሞታሉ» አልከኝ። የእናትህን የእማማ ሀብትነሽን ዓይን ያጠፋው የዚያ ዝንብ ንክሻ ነውና በዚህ ፈንገስ ዝንቡን ለማጥፋት ተስፋ አደረግክ። እኔ ግን ቀናሁብህ። አብረን እየሠራን ያገኘኸው አንተ ብቻ በመሆንህ።

በሳምንቱ የቀበሌው ሊቀመንበር አስጠራኝ። «ይህ ሰው በየቀኑ ወንዝ የሚወርደው ለዝንብ ነው ወይስ ፀረ አብዮት ወንበዴዎቹን ሊያገኝ?» አለኝ። እውነቱን ከእኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። «አላውቅም» ብዬ ፈረምኩ። ፍርሃት ብቻ አልነበረም፤ ቅናቱም ነበረበት። አንተ ሊያስሩህ መሆኑን ሰምተህ ድንበር ተሻገርክ፤ በአንተ ፋንታ እናትህን አሰሯቸው።

ከዚያ ወዲህ መቀመጥ አቃተኝ። እህል ቀርቦልኝ እነሳለሁ፤ ሥራዬን ትቼ ወንዝ እወርዳለሁ። ክንዴ በንክሻ አብጧል። ባለፈው ሐሙስ ሆዳቸው የነጣ አሥራ አንድ እጮች አገኘሁ። እጮቹንና ማይክሮስኮፑን ይዤ ሊቀመንበሩ ቢሮ ገባሁ።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ የፈረምኩት ውሸት ነው። ደምለው የሚሄደው ለዚህ ዝንብ ገዳይ ፈንገስ ነበር፤ ይዩት።»

ጎንበስ ብሎ ረዘም ላለ ጊዜ አየ። «ይህች ናት ዝንብ የምትገድለው?»

«እጩን ትገድላለች። ገና ብዙ ጥናት ይፈልጋል።»

«ዋሽቶ መፈረም እንደሚያሳስርሽስ ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ» አልኩት።

በማግሥቱ እማማ ሀብትነሽን ለቀቋቸው። እጃቸውን ይዤ ስመራቸው መንገድ ላይ ሁሉንም ነገርኳቸው። እጃቸውን ቀስ ብለው አስለቀቁኝና ግድግዳ እየዳሰሱ ብቻቸውን ሄዱ። በራቸው ላይ ሲደርሱ ግን ዘወር አሉ።

«ለእኔ የነገርሽኝን ሁሉ ለእሱም ጻፊለት። አንድ ነገር እንዳትደብቂ» አሉኝ።

ያዘዙኝን ይኸው ፈጸምኩ። ስለ ሐሰተኛው ፊርማዬ ሰኞ ጎንደር ቀርበሽ መልስ ስጪ ተብያለሁ። የአንተ ፋይል ገና አልተዘጋም፤ እባክህ አሁን አትምጣ። ይቅር በለኝ ለማለት ድፍረቱ የለኝም። ሰኞ ግን ማንም ቢጠይቀኝ፣ ስምህን ስጠራ ድምፄን ዝቅ አላደርግም።

የበደለችህ፣
መንበረ