ልጄን «አላውቅም» ማለት ስላስተማራችሁልኝ

ለደን ጉብኝትና የበጎ ፈቃድ ጉዞ ጽሕፈት ቤት የበላይ ኃላፊ፣

ክቡር ሆይ፤ ከሁሉ አስቀድሞ ለእርስዎ ሙሉ ጤና፣ ለቤተሰብዎ ደኅንነት፣ ትንኝ ዝር ለማይልበት ቢሮዎም ዘላቂ ቅዝቃዜ እመኛለሁ። እኔ ደኑ አፋፍ ላይ፣ የእንግዶችዎ አውቶቡስ ከሚቆምበት ፊት ለፊት፣ ልብስ እየሰፋሁ የምኖር እናት ነኝ። ሥራዎን ከደጄ ሆኜ ሳየው ከርሜ፣ ምስጋናዬ ጉሮሮዬ ላይ ቆሞ አላስውጥ ስላለኝ በአደባባይ ልተፋው ተገድጃለሁ።

፩. ከየአገሩ የሚመጡት ወጣቶች ችግኝ ሳይተክሉ እንዳይመለሱ የሚያደርጉትን ጥረት ሳላደንቅ አላልፍም። ደኑ እጅግ ጥቅጥቅ ብሎ የመትከያ ቦታ ቢጠፋ፣ አያቶቻችን ሲወለዱ ያገኟቸውን ዛፎች እርስዎ አስቆርጠው ቦታ አበጁላቸው። ዛፍ ቆርጦ ደን ማልማት ለእርስዎ ብቻ የተሰጠ ጥበብ ነው።

፪. እንግዶች በሚመጡበት ቀን ተማሪዎች ጫማቸውን ቤት ትተው እንዲሄዱ በርእሰ መምህሩ በኩል ስላስተላለፉት መመሪያም እግዜር ይስጥልን። ድሮ ጫማው ያልቅ ነበር፤ አሁን የሚያልቀው እግራቸው ብቻ ነው። ፎቶው ግን አምሯል አሉ።

፫. ወደ ልጄ ልምጣ። ስድስተኛ ክፍል ናት። የደንበኛን ቁመትና ወገብ ስነግራት፣ ስንት ሜትር ጨርቅ እንደሚበቃ ወረቀት ሳትይዝ አስልታ ትነግረኛለች። ይሁንና አዲስ የእንግዳ ቡድን በመጣ ቁጥር ክፍሏ ገብቶ ከአንድ እስከ ዐሥር መቁጠር ስለሚያስተምር፣ የሚያውቅ ልጅ ደግሞ እንግዳ ስለሚያሳፍር፣ ተማሪው ሁሉ እንደማያውቅ ሆኖ እንዲሳሳት፣ ሲታረምም ገና እንደገባው ሆኖ እንዲያጨበጭብ ጽሕፈት ቤትዎ አዝዟል። አሳምሮ ለተሳሳተ ብስኩት አለው። ልጄ፣ ደስ ይበልዎ፣ ከክፍሉ ሁሉ አብልጣ መሳሳት ተካነች።

ባለፈው ወር አንድ የከተማ አዳሪ ትምህርት ቤት ጎበዝ ልጆችን በነፃ ሊያስተምር ፈታኝ ላከ። ፈታኟ እንደ እንግዶችዎ ከሩቅ አገር የመጣች፣ ሻንጣ በጀርባዋ ያዘለች ሴት ነበረች። ሒሳብ በቃል ስትጠይቃት ልጄ ዓይኗን አፍጥጣ፣ ራሷን እያከከች፣ ሁለትና ሁለት አምስት ነው አለቻት፤ ስትታረምም አጨበጨበች። ፈታኟ በሐዘን ጉንጯን ስማ ከዕጩዎቹ አስወጣቻት። ልጄ እየሮጠች መጥታ እንግዳዋን እንዳላሳፈረቻት በኩራት ስትነግረኝ መቀሱን አስቀመጥኩ። ልቆጣት አፌን ከፈትኩ፤ ግን ምን ብዬ ልቆጣት? የታዘዘችውን ነው የፈጸመችው።

ትምህርት ቤቱ ተለምኖ፣ ልጅቷ የተሳሳተችው ታዝዛ መሆኑን ጽሕፈት ቤትዎ ካረጋገጠ ዳግም እንደሚፈትናት ገለጸልኝ። ሦስት ጊዜ ደጅ ጠናሁ። ጸሐፊዎ በትሕትና አስቀምጠው፣ በትሕትና ውኃ አቅርበውልኝ፣ እንዲህ ያለው ማረጋገጫ የበጎ ፈቃደኞችን ስሜት እንደሚጎዳ አስረዱኝ። ለሰው ስሜት እንዲህ መጨነቃችሁን ሳይ ውኃውን ሳልቀምስ ተነሣሁ። ደግነታችሁ ያንገሸግሸኛል፣ ክቡር ሆይ። ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ የበደለኝ፣ ቢያንስ አመስግኚ አይለኝም ነበር።

እንግዶችዎ እንዳይከፋቸው ልጇን የገበረች፣ ወደር የሌለው አክብሮቷን ከነምሬቱ የምታቀርብልዎ፣

ከአውቶቡስ ማቆሚያው ፊት ለፊት ያለችው ልብስ ሰፊ

ማሳሰቢያ፦ በጽሕፈት ቤትዎ በር ላይ ባስቆሙት ትልቅ ማስታወቂያ፣ ከልጄ ፎቶ ሥር «የመማር ዕድል ያላገኘች ልጅ» የሚል ተጽፏል። ውሸት ነውና ይነሣልኝ ብዬ ላመለክት ነበር። ይህን ደብዳቤ ሳሽግ የአዳሪ ትምህርት ቤቱ ምዝገባ መዘጋቱን ሰማሁ። እንግዲህ እውነት አድርገውታልና ባለበት ይቆይ።