ከስድስተኛው ማረፊያ በላይ ካለው መስኮት

ለተከበሩ የወንዝ ዳር ቅርስና ጉብኝት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

ጌታዬ፣ ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ለመላው ቤተሰብዎ ሙሉ ጤና፣ ለእርስዎ ደግሞ በተለይ የጉልበትና የቁርጭምጭሚት ብርታት እመኛለሁ፤ ምክንያቱን ወደ ታች ሲያነቡ ይደርሱበታል። እኔ በአሮጌው የጀልባ መውረጃ ደረጃ አናት ላይ የምኖር ልብስ ሰፊ ነኝ። በእግር ጉብኝታችሁ ካርታ ላይ ቤቴ የለም፤ ከመስኮቴ ሥር የሚጀምረው ደረጃ ግን «ስድስተኛው ማረፊያ» ተብሎ በቀይ ተከቧል። ስለዚህ ጉብኝቱ ከተጀመረ ወዲህ ባሉት ሰባት ወራት፣ አስጎብኚዋ በቀን ሦስት ጊዜ የምትናገረውን ከስፌት መኪናዬ ሳልነሳ እሰማለሁ። እድሜ ለእናንተ፣ የባሌን አሟሟት ከእናንተ ተማርኩ።

አንደኛ፣ ስለዚሁ ትምህርት ላመስግን። ለካ ባሌ፣ ሃያ ሁለት ዓመት ሰው ሲያሻግር የኖረው ጀልባ ቀዛፊ፣ ማዶ የምትኖር አንዲት ቆንጆ ወድዶ፣ እሷ ሌላ ስታገባበት አንድ ማለዳ መልኳን ውኃው ውስጥ አይቶ ዘሎ ገብቶ ኖሯል። ጎብኚዎቹ ከንፈራቸውን ይመጥጣሉ፣ ፎቶ ያነሳሉ፣ ወደ ሰባተኛው ማረፊያ ያልፋሉ። የዘጠኝ ዓመቷ ልጄ ግን ከትምህርት ቤት ስትመለስ ከሰዎቹ ኋላ ቆማ ሰማችውና፣ ቦርሳዋን እንኳ ሳታወርድ፣ «እማዬ፣ አባዬ ያቺን ሴትዮ ከኛ ይበልጥ ይወዳት ነበር?» አለችኝ። ይህን ዓይን ያወጣ ውሸት ያጸደቀው ኮሚቴያችሁ ለልጄም መልስ ያጽድቅላት።

ሁለተኛ፣ የደረጃው የብረት መደገፊያ። ባሌ ግራ ጉልበቱን ያመው ስለነበር ሠላሳ አንዱን ደረጃ የሚወርደው በአንድ እጁ መቅዘፊያውን ይዞ፣ በሌላው ብረቱን ጨብጦ ነበር። አምና ክረምት ሊገባ ሲል ሠራተኞቻችሁ «እይታ ያበላሻል» ብለው ብረቱን ከሥሩ ቆርጠው ወሰዱት። በዘጠነኛው ቀን፣ ሲዘንብ ባደረበት ማለዳ፣ ባሌ እንደ ልማዱ እጁን ዘረጋ፤ የሚጨብጠው ነገር አልነበረም። ከዚሁ መስኮት ሆኜ አይቼዋለሁ። ለመሞት የሚዘል ሰው እጁን እንደዚያ አይዘረጋም።

ሦስተኛ፣ ስለ መስተንግዶው። ቢሯችሁ ድረስ መጥቼ አመልክቼ ነበር። የተቀበሉኝ ባለሙያ እጅግ ትሁት ሰው ናቸው፤ ወንበር ሰጡኝ፣ ደረጃው ያለ ብረት «ታሪካዊ ገጽታው» እንደሆነ አስረዱኝ፣ የፍቅር ታሪኩን ጎብኚ ስለወደደው ማስቀረት እንደሚያስቸግር ነገሩኝ፣ በመጨረሻም የሟቹን መቅዘፊያ ለኤግዚቢሽን እንድሰጥ ለመኑኝ። መስኮቴ ላይ ልብስ እንዳላሰጣም አደራ ብለውኛል።

ዝም ባልኩ ነበር። ነገር ግን ባለፈው ሐሙስ አስጎብኚዋ፣ እንዳስተማራችኋት ፊቷን ወደ ጎብኚዎቹ አድርጋ ወደ ኋላዋ እየተራመደች ስለ ፍቅር ስታወራ፣ ተረከዟ የመጀመሪያውን ደረጃ ሳተ። ግማሽ አካሌን በመስኮት አውጥቼ የቦርሳዋን ማንገቻ ያዝኩት። ደጃፌ ላይ አስቀምጬ ውኃ አጠጣኋት። እሷም እናት አላት። እውነቱን ነገርኳት፤ እሷም ከሰዓት በኋላ ለመጡት ጎብኚዎች ያንኑ ነገረቻቸው፤ በማግስቱ ዓርብ ሌላ አስጎብኚ ላካችሁ። ፍጥነታችሁን አደንቃለሁ፤ ብረቱን ለመመለስ ግን ዓመት አልበቃችሁም።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም፤ ብረቱ ይመለስ፣ ውሸቱ ይቅር፣ አስጎብኚዋም ወደ ሥራዋ ትመለስ።

ውድ ጊዜዎን ስለተሻማሁ ይቅርታዎን እየለመንኩ፣ ከወንበሩ ሳይነሳ የሰው ሞት ማሳመር ለሚችለው ጽሕፈት ቤትዎ ያለኝን ጥልቅ አድናቆት እየገለጽኩ፣ እጅ ነስቼ እሰናበታለሁ።

በስድስተኛው ማረፊያ የወደቀው ሰው ሚስት

ግልባጭ፦
ለልጄ። መልሱ «አይደለም» ነው። ያን ጠዋት አባትሽ የወረደው ለሥራ ነው።

ድኅረ ጽሑፍ፦ ከትናንት ጀምሮ የባሌን የጀልባ ገመድ ከበረንዳዬ ምሰሶ እስከ ታች ጀልባ ማሰሪያው ድንጋይ ድረስ በደረጃው ጎን ወጥሬዋለሁ፤ ፎቶውን ክፉኛ እንደሚያበላሽ አውቃለሁ። ገመዱን የሚቆርጥ ሰው ሲልኩ ስሙን አስቀድመው ይጻፉልኝ፤ ምናልባት ከወደቀ፣ ማንን ወድዶ እንደዘለለ ከአሁኑ እንድናስብለት።