ጣቴ የኔ ነው

ለእናቴ ልጅ፣ ለእህት ዓለም፤

እንደምን ሰነበትሽ? ሕመሙስ እንዴት አድርጎሻል? እንቅልፍ ይወስድሻል ወይ? እህል ይወርድልሻል ወይስ አሁንም አንድ ሁለቴ ቀምሰሽ ሳህኑን ትገፊዋለሽ? ባለቤትሽስ፣ አናጢው፣ ወገቡን ተሻለው? ልጆቹ፣ አማትሽ፣ ሁሉም ደኅና ናቸው? እኔ ይመስገን ደኅና ነኝ። ሰው ቆሞ ከሄደ ደኅና ከተባለ ማለቴ ነው። ጉልበቴም፣ ዓይኔም እንዳለ አለ። የጎደለው ሌላ ነው፤ እሱን ደግሞ ቀስ ብዬ እነግርሻለሁ።

በስልክ ልነግርሽ ሞክሬ ነበር። አንቺ ማልቀስ ስትጀምሪ ስለ ብርዱና ስለ ዝናቡ አውርተን ዘጋን። ደብዳቤ ይሻላል አልኩ። ደብዳቤን በልቅሶ አታቋርጪውም። ድሮ የኔን ደብዳቤ ለሰው የምትጽፊልኝ አንቺ ነበርሽ፤ እኔ እየነገርኩሽ አንቺ ደግሞ "እትዬ፣ ቀስ በይ፣ እጄ ደከመ" እያልሽ። አሁን ጊዜ ተገልብጦ ለጸሐፊዬ እጽፋለሁ። የፊደል ስሕተት ካየሽ እንደ ድሮሽ አትሳቂብኝ። ይህን የምታመጣልሽ የጎረቤቴ የልብስ ሰፊዋ ልጅ ናት፤ ነገ በባቡር ትነሣለች። እኔ ለምን ከጎኗ እንዳልተቀመጥኩ ነው የምጽፍልሽ።

ነገሩ የጀመረው ባለፈው ዓመት ነው። ፌዴራሉ ለአገሩ ሁሉ የሚሆን አንድ አዲስ መታወቂያ አወጣሁ አለና ሰዎቹን ከነማሽናቸው ገበያው አጠገብ ያለው አዳራሽ ውስጥ አስቀመጠ። እኔም ከሥራ ስወጣ ጎራ አልኩ። ያኔ የጎልማሶቹን ትምህርት ከጨረስኩ ገና ብዙ አልሆነኝም። የሆቴሉ ማጠቢያ ቤት ውስጥ በሳሙና ካርቶን ጀርባ ላይ ፊርማዬን ስለማመድ ነበር የከረምኩት። የመጨረሻዋን ፊደል እግር ሳብ አድርጌ ወደ ታች ስጠመዝዛት ታምራለች። ወረፋዬ ደርሶ ስቀመጥ ማሽኑን የያዘችው ልጅ ብዕር አላቀረበችልኝም። "እማማ፣ ጣትዎን እዚህ ያስቀምጡ" አለችኝ። እኔ እፈርማለሁ አልኳት። "ፊርማ አያስፈልግም፤ ጣት ብቻ ነው። አሥሩንም" አለችኝ።

አሥሩንም! እህት ዓለም፣ አንቺ ታውቂያለሽ። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ አውራ ጣቴን ቀለም ስነክር የኖርኩ ሰው ነኝ። ደመወዝ ስቀበል ጣት። ቤት ስከራይ ጣት። ባሌ ሞቶ ሬሳውን ከሆስፒታል ስረከብ ጣት። ቀለሙን ቀሚሴ ላይ ስጠርግ ከኋላዬ የተሰለፈው ሰው ምን ብሎ እንደሚያየኝ ጀርባዬ ያውቀዋል። ከዚያ ልገላገል ብዬ ነው አስተማሪዬ የልጅ ልጄን የምታክል ሆና ሳለ በዚህ ሽበቴ ሀ ሁ ያልኩት። አሁን ደግሞ አንዱ አልበቃ ብሏቸው አሥሩን! ፊደል መቁጠሬን አላመኑኝም ብዬ ደሜ ፈላ። ብድግ አልኩና፣ ጣቴ የኔ ነው፣ ለማንም አልሰጥም ብያት ወጣሁ። ልጅቷ ምስኪን፣ "እማማ፣ ኧረ ይስሙኝ፣ የተማረም ያልተማረም እኩል ነው የሚያስቀምጠው" እያለች እስከ በሩ ተከትላኝ ነበር። መቼ ሰማኋት!

ብዙም ሳይቆይ የግዛታችን አስተዳዳሪ በቴሌቪዥን ቀርቦ ተናገረ። የፌዴራሉን መታወቂያ አንቀበልም፤ የራሳችን ካርድ ይበቃናል፤ የሕዝባችንን ስምና አሻራ ለሩቅ ሰው አሳልፈን አንሰጥም አለ። ማሽኖቹ ተጭነው ሄዱ፤ እንደ ልብስ ሰፊዋ ልጅ ቀድሞ ያወጣ አወጣ። ከዚያ በዚያው አዳራሽ ስብሰባ ተጠራ። አብራኝ የምታጥበው ሬዲዮ፣ ወሬ ከነትኩሱ ስለምታደርስ ነው እንዲህ የምንላት፣ እጄን ይዛ ከፊት አስቀመጠችኝ። አስተያየት ያለው ይነሣ ሲባል በክርኗ ጎሰመችኝ። ተነሥቼ የሆነውን ተናገርኩ። ጣቴ የኔ ነው ብዬ ስጨርስ አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። አስተዳዳሪው ራሱ ከመድረክ ወርዶ ጨበጠኝና "እናታችን የሁላችንንም ልብ ተናገሩ" አለ። እሱ የሚያወራው ማን ማንን ያዛል ስለሚለው ነበር። እኔ የማወራው ስለ ቀለም ነበር። አንድ ቃል ይዘን ለየቅል ነበርን።

በማግስቱ ቃሌን በትልልቅ ፊደል የገበያው አጥር ላይ ተጽፎ አገኘሁት። ሰው እየገፋኝ ቆሜ አነበብኩት። ደስ አላለኝም ብል እዋሻለሁ፤ እንደገና ተመልሼ አንብቤዋለሁ። ሬዲዮማ ከዚያን ቀን ወዲህ ስሜን ረስታዋለች። "ጣቴ፣ አንሶላውን አቀብዪኝ"፣ "ጣቴ፣ በረኪናው አልቋል" ነው።

ፌዴራሉም በበኩሉ እልህ ተጋባ። ካርዱን ያልያዘ ሰው የሩቅ አገር ባቡርም፣ አውቶቡስም ሆነ አውሮፕላን አይሳፈርም ብሎ ቀን ቆረጠ። የኛዎቹ "አይዟችሁ፣ ከሰናል፣ ፍርድ ቤቱ ያስቆመዋል" አሉ። እኛም አይዟችሁን ስንቅ አድርገን ቁጭ አልን። እኔስ የት እሄዳለሁ? ከቤት ማጠቢያ፣ ከማጠቢያ ቤት። ካውያ ባቡር አይሳፈር!

ከዚያ ባለቤትሽ ደወለ። ዕጢው ማደጉን፣ ሐኪሙ ቶሎ ይውጣ ማለቱን ነገረኝ። እሷ ግን እትዬ ሳትመጣ ቢላዋ አይነካኝም ብላ ቀጠሮውን አስለወጠች ሲለኝ፣ የያዝኩትን እርጥብ አንሶላ ወለሉ ላይ ጥዬ ኀላፊያችን ጋ ሮጥኩ። ያቺ ፊቷ የማይፈታው ሴትዮ እንኳ "ሂጂ፣ ሂጂ" አለችኝ። ሻንጣ አዘጋጅቼ ጣቢያ ስደርስ የበሩ ጠባቂ ያን የግዛታችንን ካርድ አገላብጦ አየው። "እናቴ፣ ይቺ ለዚህ ግዛት ናት፤ ከዚህ በር ወዲያ አታሻግርም" አለኝ። ካርዱ ላይ ያለውን ፊርማዬን አሳየሁት። "ፊርማውስ ያምራል። እኔ ግን ይቺን ብዬ ባሳልፍዎ ነገ እዚህ አልቆምም" አለኝ። አላሾፈብኝም፤ አዝኖ ነው የተናገረው። ለመንኩት። ከኋላዬ አንዱ "ኧረ እትየዋ፣ ወይ ይግቡ ወይ ይውጡ!" ብሎ ጮኸብኝ። ወጣሁ። ባቡሩ ሲሄድ ከአጥሩ ውጭ ሻንጣዬ ላይ ተቀምጬ ነበር።

በነጋታው ያን የጨበጠኝን እጅ ፍለጋ አስተዳዳሪው ቢሮ ሄድኩ። ጸሐፊዋ ገና ስታየኝ "የጣቴ እናት!" ብላ ወንበር ሳበችልኝ። ጉዳዬን ስነግራት ግን ፈገግታዋ ጠፋ። እሳቸው የሉም፣ ለመታወቂያው ክስ ዋና ከተማ ሄደዋል አለችኝ። በምን ሄዱ? አልኳት። በአውሮፕላን አለችኝ። በየትኛው መታወቂያ? አልኳት። ልጅቷ አንገቷን ደፍታ ከጠረጴዛዋ ላይ የሌለ አቧራ ትጠርግ ጀመር። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ይባላል። እኔ ጭራሽ ባልየውን ከጅቡ ጋር ማዕድ ቀርቦ አገኘሁት።

ተስፋ አልቆረጥኩም። ሬዲዮ፣ ከወንዙ ማዶ ያለችው ትንሽ ከተማ በሌላ ግዛት ሥር እንደሆነችና እዚያ ካርዱን እንደሚሰጡ ሰምታ መጣች። ለቅርብ መንገድ ሚኒባስ ማንም መታወቂያ አይጠይቅም። ሄድኩ። እልሄን ዋጥኩት፤ ላንቺ ስል አሥሩንም ልሰጥ ቆርጬ ሄድኩ። የመዝጋቢው ፊት ተቀምጬ አውራ ጣቴን አስቀመጥኩ። ማሽኑ ጮኸ። ሌባ ጣቴን አስቀመጥኩ፤ ጮኸ። መዝጋቢው በጨርቅ ጠረገልኝ፣ ቅባት ቀባልኝ፣ በራሱ እጅ ጫን አደረገልኝ። አሁንም ጮኸ። "እናቴ፣ ሥራዎ ምንድን ነው?" አለኝ። የሆቴል አንሶላ አጥባለሁ አልኩት። መዳፌን ገልብጦ ወደ መብራቱ አስጠጋው። "በረኪናው በልቶታል። አሻራ የለዎትም" አለኝ።

እኔም አየሁት። እውነትም ልሙጥ ነው፤ ወንዝ ዳር ያለ ጠጠር ይመስላል። ያን ሁሉ ዘመን በጣትሽ እንጂ በሌላ አትታወቂም ብለውኝ፣ እሺ ብዬ ይዤው በሄድኩ ቀን ጣቱ ራሱ የለም። መዝጋቢው ደግ ሰው ነው፤ አሻራ ለሌለው ሰው መላ አለው፣ ከሚኖሩበት ግዛት ማንነትዎን የሚመሰክር ወረቀት ያምጡልኝ አለኝ። ተመልሼ የኛዎቹን ጠየቅሁ። "የማናውቀው ካርድ ላይ ምስክር አንሆንም። ከጻፍንልዎ ተቀበልነው ማለት ነው፤ ክሳችንን ያበላሽብናል" አሉኝ። ክሳቸው እንዳይበላሽ አንቺ ትጠብቂ። ያቺ ጸሐፊ እስከ ደረጃው ሸኝታኝ "እማማ፣ አይፍረዱብኝ" አለችኝ። አልፈረድኩባትም። ልፍረድ ብልስ ማን ይሰማኛል?

ማን ልክ እንደሆነ አትጠይቂኝ። ፌዴራሉ የሰውን ሁሉ ስምና ጣት ሰብስቦ ምን እንደሚያደርግበት እኔ አላውቅም፤ የኛዎቹ ፍርሃት እውነት ሊሆን ይችላል። እኔን የሚቆጨኝ ያቺ እስከ በሩ የተከተለችኝ ልጅ ናት። ያኔም አሻራ አልነበረኝ ይሆናል። ግን ያኔ ገና አልተጣሉም ነበር፤ ወረቀቱን የሚጽፍልኝ አላጣም ነበር። ዞር ብዬ አንድ አፍታ ብሰማት ኖሮ ዛሬ ራስጌሽ ተቀምጬ ትራስሽን እያስተካከልኩ፣ አንቺም "እትዬ፣ አትነዝንዢኝ" እያልሽኝ ነበር። ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው።

አሁን የምልሽን ስሚኝ፤ ለዚህ ነው የጻፍኩት። ፍርድ ቤቱ መቼ እንደሚፈርድ የሚያውቅ የለም። ዕጢ ደግሞ ፍርድ ቤት አይጠብቅም። እኔ አልመጣም፣ እህት ዓለም። አትጠብቂኝ።

ትምህርት ቤት ያስገባሁሽ ቀን ትዝ ይልሻል? በሩ ላይ ቀሚሴን ጨምድደሽ ይዘሽ፣ እትዬ ካልገባች አልገባም ብለሽ ሰፈሩን በጩኸት አናወጥሽው። እጅሽን ከቀሚሴ አላቅቄ ገፋሁሽና ሄድኩ። ዞሬ ያላየሁሽ ጨክኜ መስሎሽ ስንት ጊዜ አኩርፈሽብኛል። ባይሽ ይዤሽ እመለስ ነበር፤ ለዚያ ነው። አሁንም እየገፋሁሽ ነው። ግቢ። ያለ እኔ ግቢ። ይህን ደብዳቤ እንደጨረስሽ ሐኪሙ ጋ አስደውዪና ቀጠሮሽን አስመልሺ።

ለአናጢው ሰላም በዪልኝ፤ እስከ በሩ ድረስ ይዞሽ ይሂድ፣ አልገባም ካልሽ ወገቡ ቢያመውም ተሸክሞ ያስገባሽ፣ ይህን ያዘዝኩት እኔ ነኝ። ለትልቋ ልጅሽ ሰላም በያት፤ ስትወጪ መጀመሪያ የምታዪው ፊት የሷ ይሁን፣ እንዳታለቅስ ንገሪያት። ያቺን ጉንጫምዋን የልጅ ልጅሽን ሁለቱንም ጉንጯን ሳሚልኝ። የአማትሽን ጉልበት ሳሚልኝ፤ ጸሎታቸውን እፈልገዋለሁ። አንቺን ግን እኔ ራሴ እስክስምሽ ድረስ ማንም እንዳይስምልኝ።

እትዬሽ

ከማጠቢያው ጓሮ፣ አንሶላ ከሚሰጣበት
ረቡዕ ከሰዓት፣ በዝናቡ መግቢያ